ከሩጫ በኋላ የሚበላ

ቡታጅራ፣ ሰኞ የካቲት 4 ቀን 2005

ይህን ደብተር የጀመርኩት የሚያናግረኝ ሰው ጠፍቶ አይደለም። ቀኑን ሙሉ ሳወራ ነው የምውለው። ቤት ስገባ ግን ዝም እላለሁ፤ አንዳንዴ ድመት ላባርር ስል የገዛ ድምፄ ያስደነግጠኛል። ስለዚህ ልጻፍ።

ርዕሰ መምህራችን አቶ ሰይዶ ዛሬ ቢሮ ጠሩኝ። ሚያዝያ ላይ ወልቂጤ የዞኑ የትምህርት ቤቶች ውድድር አለ። «መምህርት ማዕዶት፣ አምና ባዶ እጃችንን ነው የተመለስነው። ዘንድሮም እንደዚያው ከሆነ የስፖርት መምህርት አለን ብዬ አፌን ሞልቼ አልናገርም» አሉኝ። እየሳቁ ነው ያሉት። ዓይናቸው ግን አልሳቀም።

ተስፋዬ ሴቶቹ ላይ ነው። በተለይ ሳቢሪን። ዘጠነኛ ክፍል ናት። ወላጆቿ መስቃን ገጠር ውስጥ ገበሬዎች ናቸው፤ እሷ ለትምህርት ብላ እዚህ ከተማ አክስቷ ዘንድ ትኖራለች። ስትሮጥ ትከሻዋ አይነቃነቅም፤ ሙሉ እንስራ ተሸክማ እንዳይፈስባት የምትጠነቀቅ ነው የምትመስለው። የእሷ ርቀት ሺህ አምስት መቶ ሜትር ነው። በእሷ ዕድሜ የእኔም ርቀት እሱ ነበር።

ረቡዕ የካቲት 6

ይትባረክ ደወለ። አጭር ነበር፤ ስብሰባ አለብኝ አለ።

ከታጨን ሁለት ፋሲካ አለፈ። እሱ ደብረ ማርቆስ ያስተምራል። የተስማማነው ዝውውር ጠይቆ ወደዚህ እንዲመጣ ነው። ለጥምቀት መጥቶ ነበር። መናኸሪያው በር ላይ ስቀበለው ከአፉ የወጣው የመጀመሪያ ነገር «ማዕዱ፣ ሰውነት ጨመርሽ አይደል?» ነው። ሰላምታው ከዚያ በኋላ መጣ።

ዝውውሩን ዛሬ ጠየቅሁት። «በሚቀጥለው ዙር» አለ። ያለፈውም ጊዜ በሚቀጥለው ዙር ነበር።

ከሰውነቴ ጋር ምንም አያገናኘውም። ለምን ሁለቱን አንድ ላይ እንደጻፍኳቸው አላውቅም።

ከነገ ጀምሮ ማታ አልበላም።

ሐሙስ የካቲት 7

በላሁ።

ሰኞ የካቲት 11

የምበላበትን ቦታ ልጻፍ፤ ለማንም አልነገርኩም።

ከመናኸሪያው ወደ ገበያ በሚወስደው መንገድ ላይ ሩፋይዳ የምትባል ልጅ ትንሽ ቤት አላት። ውጭ አግዳሚ ወንበር፣ በሩ ላይ ትልቅ የዘይት ብረት ድስት፣ የመስታወት ሳጥን ውስጥ የተደረደረ ሳምቡሳና ፓስቲ። ድንቹን እዚያው ልጣ እዚያው ትጠብሳለች። ዳቦ ሰንጥቃ የተጠበሰውን ድንች ትጠቀጥቅበታለች፤ ቲማቲምና ቃሪያ ታክልበታለች፤ ዳጣ ትቀባዋለች። እሱ እርጥብ ይባላል። የከተማው ወጣት በሙሉ እሱን ነው የሚበላው።

እኔም።

የሙስሊም ቤት ስለሆነ ስጋ ያለበትን አልበላም፤ እሷም ሳልነግራት ታውቃለች። «ቲቸር፣ ይሄኛው ምስር ነው» ብላ ለይታ ታስቀምጥልኛለች። የምቀመጠው ከመጋረጃው ጀርባ ነው፤ የድንች ጆንያ በምታስቀምጥበት ጥግ። የስፖርት መምህርት መንገድ ዳር ተቀምጣ ችፕስ ስታነሳ መታየት የለባትም። ሩፋይዳ ለምን እንደምደበቅ አንድም ቀን አልጠየቀችኝም። ሥራ ሲቀዘቅዝላት እጇን እየጠረገች ትመጣና «ዛሬስ ልጆቹ አደከሙሽ?» ትለኛለች። እኔም እነግራታለሁ። አንዳንዴ በልቼ ከጨረስኩ በኋላም ሌላ አዛለሁ። ቆሎ ቢኖራት ቆሎም አዝዝ ነበር መሰለኝ።

ቤቴ ሽሮም ምድጃም አለ። ግን ለአንድ ሰው ማብሰል እንዴት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ረቡዕ የካቲት 13

ዛሬ ከልምምድ በኋላ ልጆቹ በቀጥታ ወዴት እንደሚሄዱ አየሁ። ሩፋይዳ ጋ። ሳሌሃ፣ ሳቢሪን፣ ሁሉም። እየተሳሳቁ፣ ዘይቱ በክርናቸው እየወረደ።

ለምን እንደዚያ እንደተናደድኩ አላውቅም። መልሼ ሜዳው ላይ ሰበሰብኳቸው።

«ከዛሬ ጀምሮ እርጥብ የለም። ችፕስ የለም። ሳምቡሳ የለም። ዘይት የት እንደሚቀመጥ ታውቃላችሁ? እዚህ ነው!» ብዬ ሆዴን በመዳፌ መታሁ። «የሚሮጠው ቀላል ሰውነት ነው። ከባዱ ዳር ቆሞ ያያል።»

ሳሌሃ ሳቀች። እሷ ሁሌ ትስቃለች። «ታዲያ ምን እንብላ ቲቸር? አየር?»

«ቤታችሁ ግቡና የቤት ምግብ ብሉ!»

ሳቢሪን አልሳቀችም። ዓይን ዓይኔን እያየች ራሷን ነቀነቀች። እንደዚህ የምትሰማ ተማሪ ማግኘት ዕድል ነው።

ከዚያ በኋላ እኔ የት እንደሄድኩ አልጽፍም።

አርብ የካቲት 22

ገበያ ወጣሁ። የሳቢሪንን አክስት እትዬ ዘይባን ቅቤና አይብ ከሚሸጡት ሴቶች መካከል አገኘኋት። ጠንካራ ሴት ናት፤ ስትናገር ሚዛኑ ላይ ያለው እጇ አይቆምም። ልጅቷ ጎበዝ ናት ስላት ፊቷ በራ።

«ወላሂ ቲቸር፣ እኔ ከሱብሒ በፊት ነው የምወጣው። ሰኞ ገጠር ነኝ፣ ረቡዕ ቡኢ ነኝ፣ አርብ እዚህ ነኝ። የምገባው መሽቶ ነው። ከሩጫ ስትመለስ እንዳትራብ ሩፋይዳን አደራ ብያታለሁ፤ እዚያ ትበላለች። አንቺም እንደ እህት እያት።»

ሩፋይዳ ጋ መብላት እንዳቆመች ልነግራት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ገዢ መጣባት።

ማክሰኞ የካቲት 26

በችኮላ ነው። ፈተና ማረም አለብኝ።

ሳቢሪን ዛሬ ሁሉንም ጥላቸው ሄደች። ጉንጯ ሰልቷል፤ የሯጭ ፊት እየመጣላት ነው። ሌሎቹ ይሄው እንደነበሩ ናቸው።

ስወጣ ተከትላኝ መጥታ «ቲቸር፣ ቆጮስ ያወፍራል?» አለችኝ።

«ብዙ ከተበላ የማያወፍር ነገር የለም» አልኳት። ደወል ተደውሎ ነበር።

እሁድ መጋቢት 1

ነገ ዐቢይ ጾም ይገባል። ዛሬ ቅበላ ነው። ከሰሜን የመጡት መምህራን ተሰባስበው ክትፎ ቤት ሄዱ፤ ጠርተውኝ ነበር። ራሴን አሞኛል አልኩ። እዚያ ከሄድኩ ስለ ይትባረክ ይጠይቁኛል።

እህቴ ተናኘወርቅ ከደብረ ማርቆስ ደወለች። ስለ እናታችን ጉልበት፣ ስለ ጤፍ ዋጋ አወራን። ከዚያ «ስሚ ማዕዱ፣ ይትባረክን ትናንት ገበያ ላይ አየሁት፤ ብቻውን አልነበረም፣ ከአንዲት...» ስትል ስልኩ ተቋረጠ። ኔትዎርክ ነው። እኔ እንዳልደውልላት ካርድ የለኝም።

ሱቁ ከቤቴ በር ፊት ለፊት ነው። ግን ዛሬ እሁድ ነው፤ ዘግቶ ይሆናል።

ሐሙስ መጋቢት 5

ምን ብዬ ልጻፈው።

ሩፋይዳ ጋ ነበርኩ። ጾም ስለገባ በዘይት የተጠበሰ ድንች ጾም አያፈርስም ብዬ ራሴን አታልላለሁ። ሁለተኛውን እርጥብ ይዤ ነበር። መጋረጃው ተገለጠ። ሩፋይዳ መስላኝ ቀና ስል ሳቢሪን ናት። አክስቷ ጨው ከሩፋይዳ ተበደሪ ብላት፣ ሩፋይዳ ደግሞ እጇ ሊጥ ስለነበር «ከኋላ ገብተሽ ውሰጂ» ብላት ነው።

ዳጣው አገጬ ላይ ነበር።

ልጅቷ ቆመች። እርጥቡን አየችው። በጣም ነው ያየችው፤ እኔን ሳይሆን እሱን። ከዚያ ዓይኗን ወደ መሬት መለሰች፤ «ቲቸር፣ ይቅርታ» አለች። እሷ ናት ይቅርታ ያለችው። ጨዉን ወስዳ ወጣች።

ነገ ትምህርት ቤቱ በሙሉ ይሰማል። ሳሌሃ ትስቃለች። አቶ ሰይዶ ይሰማሉ።

ማክሰኞ መጋቢት 10

ማንም አልሰማም። ለማንም አልተናገረችም።

ማመስገን ሲገባኝ ዛሬ በሰው ፊት ጮኽኩባት። እግሯ እየጎተተ ነው። ሳሌሃ እንኳ አለፈቻት። «ምን ሆነሻል? ሰነፍሽ?» አልኳት። «አልሰነፍኩም ቲቸር» አለችኝ። ከንፈሯ ነጭ ነበር፤ አቧራው ነው።

እረፍት ላይ መምህራን ክፍል ልገባ ስል በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። የሴት ድምፅ ነው፣ ማን እንደሆነች አልለየሁም። «እሷ ራሷ በርሜል አክላ ልጆቹን ታስርባለች» አለች። ሌሎቹ ሳቁ። ገባሁ። ሁሉም ስለ ደመወዝ ማውራት ጀመሩ። እኔም ስለ ደመወዝ አወራሁ።

ለይትባረክ ደወልኩለት። አላነሳም።

ሰኞ መጋቢት 16

የእንግሊዝኛ መምህሩ ሳቢሪን ክፍል ውስጥ እንደምትተኛ ነገረኝ። «ልምምድህን ቀንስላት» አለኝ፤ ሴት መሆኔን እንኳ ረስቶት። ልምምድ አይደለም፤ ሌሊት ስልክ ስታነካካ አድራ ይሆናል አልኩት።

ስልክ የላትም።

ሐሙስ መጋቢት 19

ሆስፒታል ነበርኩ። አሁን ገባሁ። እንደሆነው ልጻፈው።

የመጨረሻውን ዙር እየሮጡ ነበር። ፀሐይዋ ከዘቢዳር ተራራ በስተጀርባ እየገባች ስለነበር ጥላቸው ረዝሟል። ሳቢሪን ከኩርባው ወጣች፤ ቆመች። ቀስ ብላ ተቀመጠች። ጫማዋን የምታስር መሰለኝና «ተነሺ!» ብዬ ጮኽኩ። ከዚያ በጎኗ ተኛች።

ሳሌሃ ናት ቀድማ የደረሰችው። እኔ ዘግይቼ ደረስኩ፤ ለካ ይህን ያህል መሮጥ አቅቶኛል። ሳነሳት ክብደት የላትም። የተመካሁበት ቀላል ሰውነት። ባጃጅ ውስጥ ጭኔ ላይ አስተኛኋት፤ ሳሌሃ እግሯን ይዛ ታለቅሳለች።

ነርሷ ደም እየለካች «ዛሬ ምን በልታለች?» አለች። ሳሌሃ እንባዋን ጠረገች። «ትናንትስ?» ሳሌሃ ወደ እኔ አየች።

ግሉኮሱ ግማሽ ሲሆን ሳቢሪን ዓይኗን ገለጠች። ይህኔ እትዬ ዘይባ ነጠላዋ መሬት እየጠረገ ደረሰች፤ እጇ ቅቤ በቅቤ እንደሆነ። «ምን አገኘሽ ልጄ? ማን ምን አደረገሽ?»

«ጾሜ ነው አክስቴ» አለች ሳቢሪን። «ሐሙስ አይደል? የሱና ጾም ይዤ ነው።» ይህን ስትል እያየች የነበረው እኔን ነው።

«ሩጫ እያለብሽ ግዴታ ያልሆነውን ሱና ጹሚ ብሎ ማን አዘዘሽ?» አለች ዘይባ፣ ፊቷን እየዳሰሰች።

ነርሷ ራሷን ወዘወዘች። «እናቴ፣ ይህ የአንድ ቀን ጾም አይደለም። ደሟ በጣም ወርዷል። ይቺ ልጅ ብዙ ሳምንት አልበላችም።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረች፤ የስፖርት ቱታዬን አይታ ነው። «መምህርቷ አንቺ ነሽ? የምትሮጥ ልጅ ከሮጠች በኋላ ካልበላች በምን ትቆማለች? ያገኘችውን ትብላ፣ ድንችም ዳቦም ይሁን። ሌላ ጊዜ ደግሞ አይቡን፣ ጎመኑን፣ ባቄላውን ትብላ። ድንች ብቻ አይሁን እንጂ ድንች ማንንም አልገደለም።»

ይህን እኔም አውቀዋለሁ። ባለፈው ሳምንት ኃይል ሰጪ ምግቦች ብዬ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፌ አስተምሬያለሁ። ሳቢሪን ከፊት ወንበር ተቀምጣ ገልብጣዋለች።

«አዎ፣ መምህርቷ እኔ ነኝ» አልኩ። ሌላ ምንም አላልኩም። ዘይባ እጄን ይዛ «አላህ ይስጥሽ፣ ደርሰሽ አመጣሽልኝ» ብላ ሳመችኝ።

ተሳምኩ።

ቅዳሜ መጋቢት 21

ትናንት ቀኑን ሙሉ እሄዳለሁ ስል ዋልኩ። ዛሬ ሄድኩ።

መጀመሪያ ሩፋይዳ ጋ ሄጄ ከውጭው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ምንም አላዘዝኩም። አጠገቤ ተቀመጠች፤ ድንች እየላጠች ነበር፣ ቢላዋዋን አቆመች።

«መምጣት ስታቆም ቤቷ የምትበላ መስሎኝ» አለችኝ። «አንድ ቀን ጠራኋት፤ ቲቸር ከልክላኛለች አለችኝ። እኔ ደግሞ መምህርት ካለች ታውቃለች ብዬ...» ትጨርሰዋለች ብዬ ስጠብቅ «አንቺን ያየችሽ ቀን ደግሞ ለሰው እንዳልናገር አስማለችኝ» አለች።

ከዚያ ወደ ዘይባ ቤት። ሳቢሪን ውስጥ ተኝታለች። ዘይባ በር ላይ ሆና ተቀበለችኝ፤ ልታስገባኝ ዞር ስትል «እዚሁ ልንገርሽ» አልኳት። ነገርኳት። ሱና ጾም እንዳልሆነ። እኔ እንደከለከልኳት። ቆጮ ያወፍራል ወይ ብላ ጠይቃኝ ምን እንደመለስኩላት። ገበያ ላይ ሳገኛት ደብቄያት እንደሄድኩ።

ዘይባ አልጮኸችም። ብትጮኽ ይሻለኝ ነበር።

«የተማረች ናት ብዬ ነው የሰጠሁሽ» አለችኝ። «የወንድሜ ልጅ ናት። አባቷ እኔ ላይ ጥሏት እኔ ደግሞ አንቺ ላይ ጣልኳት።» ከዚያ «አንቺስ? አንቺ ማታ ምንድን ነው የምትበይው?» አለችኝ።

«እርጥብ።»

«የት?»

«ሩፋይዳ ጋ። ከመጋረጃ ጀርባ።»

ከላይ እስከ ታች አየችኝ። እሰደባለሁ ብዬ ጠበቅሁ።

«ብቻሽን?» አለች።

ራሴን ነቀነቅሁ። «ልጅቷ ከእንግዲህ አትሮጥም። አሁን ሂጂ» ብላ በሩን ዘጋችው። ቀስ ብላ ነው የዘጋችው፤ የተኛችውን እንዳትቀሰቅስ።

ማክሰኞ መጋቢት 24

ልጆቹን ሰበሰብኩ። ያልኳችሁ ስህተት ነው አልኩ። አስተማሪ እንዲህ ሲል ሰምተው ስለማያውቁ የሚይዙት የሚጨብጡት ጠፋቸው። ሳሌሃ እንኳ አልሳቀችም።

ጠዋት ሳትበሉ እንዳትመጡ አልኩ። ቆጮ ያለው ቆጮ፣ ቂጣ ያለው ቂጣ፣ አይብና ጎመን ከተገኘ ከእሱ ጋር። ውሃ በላስቲክ ይዛችሁ ኑ። ከሩጫ በኋላ ረሃቡ ከበረታ ሩፋይዳ ጋ ብሉ፤ ሁልጊዜ ግን አይሁን፣ ለእራትም እሱን ብቻ አታድርጉት።

«ቲቸር፣ ዳጣም ይቻላል?» አለች አንዷ።

«ዳጣም ይቻላል።»

ከዚያ አብሬያቸው ሮጥኩ። መጨረሻ ነኝ። ጉልበቴ ይጮሃል። ልጆቹ መጀመሪያ ወደ ኋላ እያዩኝ ተጠቃቀሱ፣ በኋላ ግን ሰለቻቸውና ተዉኝ።

አቶ ሰይዶ ሰምተዋል። ቢሮ አልጠሩኝም። ኮሪደር ላይ ሲያገኙኝ ስልካቸውን አወጡና ማየት ጀመሩ።

እሁድ ሚያዝያ 6፣ ወልቂጤ

ያደርነው አንድ ትምህርት ቤት ክፍል ውስጥ ነው፤ ዴስክ ገጥመን። ለማታው ምግብ ሁለት ድስት ነበር፣ የሙስሊሙና የክርስቲያኑ፤ የጾም ስለሆነ የእኛው ሽሮ ነው። ልጆቹ ተኝተዋል።

የሳቢሪንን ቦታ ሳሌሃ ሮጠችው። አራተኛ ወጣች። የመጨረሻውን ቀጥታ ስትመጣ አፏን ከፍታ ነበር፤ ስትጨርስ ወደ እኔ መጣችና «ሳቢሪን ብትሆን ታሸንፍ ነበር» አለችኝ። ወቀሳ አልነበረም። እንዲሁ ነው ያለችው። ታሸንፍ ነበር።

ወደ መንገዱ ስንወጣ አንዲት ሴት ችፕስ እየጠበሰች ነበር። ልጆቹ ቆሙ፤ አዩኝ። «ቲቸር፣ ዞር በይልን» አለች ሳሌሃ። አልዞርኩም። ድንጋይ ላይ በመካከላቸው ተቀመጥኩና ከወረቀቱ እኩል አነሳሁ። ዘይቱ የቆየ ነው፤ እንደ ሩፋይዳ አይጥምም። አላፊ አግዳሚው ያያል። አንድ የሌላ ትምህርት ቤት አሠልጣኝ «ይሄ ነው የአትሌት ምግብ?» ብሎ አሾፈ። «ሮጠው ጨርሰዋል፤ እርቧቸዋል» አልኩት።

አቶ ሰይዶ ደወሉ። «እህ?» አሉ። «ባዶ እጅ» አልኳቸው። «ልጆቹ ደህና ናቸው?» አሉ። ደህና ናቸው አልኩ።

እሁድ ሚያዝያ 27

ፋሲካ። ቤተ ክርስቲያን አድሬ ሌሊት መጣሁ። እንቁላል ቀቅዬ ፈሰክሁ። ጎረቤት ሁሉ ድምፅ አለ፤ ግድግዳው ስስ ነው፣ የሚሉት ግን አይሰማም፤ ሳቁ ብቻ ነው የሚሰማው።

ይትባረክ ደወለ። እንኳን አደረሰሽ አለ። እንኳን አብሮ አደረሰን አልኩ።

«የዝውውሩን ቅጽ ሞልተኸው ታውቃለህ?» አልኩት። ደግሜ ከማሰቤ በፊት ነው የወጣኝ።

ከጀርባው የሚያጫውቱት ሕፃን ድምፅ ይሰማል፣ የእህቱ ልጅ ይሆን የማን፣ አልጠየቅሁም። «ማዕዱ፣ አንቺን ማስቀየም ከብዶኝ ነው» አለ።

«ስለወፈርኩ ነው?»

«ኧረ አይደለም! ምን ማለትሽ ነው?» ተቆጣ። እውነቱን እንደሆነ ከቁጣው አወቅሁ። ከሰውነቴ ጋር ምንም አያገናኘውም ነበር። ቀጭን ብሆንም አይመጣም ነበር። ይህን ሁሉ ጊዜ ግን ከእሱ ይልቅ ሆዴን መጥላት ነው የቀለለኝ፤ ከእኔ ሆድ አልፌም የሌላ ሰው ልጅ ሆድ ላይ ደረስኩ።

«ደህና ዋል» አልኩት። ስልኩን የዘጋሁት እኔ ነኝ።

ለተናኘወርቅ ደወልኩላት። ካርድ ነበረኝ። «ያን ቀን ልትነግሪኝ የጀመርሽውን ጨርሺልኝ» አልኳት። ጨረሰችልኝ።

እሁድ ግንቦት 4

ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ሳቢሪን በሬ ላይ ቆማ ነበር። ከወደቀች በኋላ ክፍል ውስጥ ብቻ ነው የማያት፤ አንነጋገርም። ጉንጯ ሞልቷል። «አክስቴ ነይ ብላለች» አለች። ለምን ስላት ትከሻዋን ነቀነቀች።

መንገዱን በሙሉ ሊመጣብኝ የሚችለውን ሳወጣ ሳወርድ ሄድኩ። አባቷ መጥቶ ይሆናል። ትምህርት ቤቱን ሊከስ ይሆናል።

ዘይባ ቤት ምንጣፉ ተዘርግቷል። ቆጮው ተከምሯል፤ አይቡና ጎመኑ አለ። ከበሩ አጠገብ ጎረቤቷ አቶ ወልደማርያም ተቀምጠዋል፤ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ ናቸው፣ አንገታቸው ላይ ማተብ አለ። እንግዳ ነገር ሆነብኝ።

«ዶሮዋን እኔ ነኝ ያረድኳት» አሉኝ ገና ሳልቀመጥ። «በስመ አብ ብዬ። ወይዘሮ ዘይባ በጠዋት መጥታ፣ ክርስቲያን እንግዳ አለብኝ፣ እርስዎ ይረዱልኝ አለችኝ።»

ዘይባ ድስቱን አመጣች። «ለብቻው ነው የሠራሁት፤ የእኛ ስጋ የነካው ዕቃ አልገባበትም። ቅቤው የራሴ ነው። ብዪ» አለችኝ። «እኛ ይኸው የኛ አለን።»

እንዴት አድርጌ እንደተቀመጥኩ አላውቅም። እኔና አቶ ወልደማርያም ከአንዱ ድስት፣ እነሱ ከሌላው፣ ምንጣፉ ግን አንድ ነው። እንባዬ እየመጣ ስለነበር ቶሎ ቶሎ ጎረስኩ። ወጡ ጨው በዝቶበታል። አቶ ወልደማርያም «ጨው!» ብለው ጮኹ፤ ዘይባ «እናንተ ሰዎች ቅመም ታበዛላችሁ ሲሉ ሰምቼ ነው» አለች። ሳቢሪን ሳቀች። ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም ነበር።

«ስለ ሩጫው ገና አልወሰንኩም» አለችኝ ዘይባ፣ ሳቢሪን ውሃ ልታመጣ ስትወጣ። «መጀመሪያ ደሟ ይሙላ። ከዚያ አባቷ ይናገር። አይሆንም ካለ አይሆንም፤ እንዳትከራከሪኝ።»

«አልከራከርም።»

«እሷ ግን ሌሊት በእግሯ ግድግዳ ትመታለች። በእንቅልፏ ትሮጣለች።» ፊቷን አዞረች። «እኔ ምን ላድርጋት።»

ስነሳ ድስቱን በጨርቅ ጠቅልላ ሰጠችኝ። ግማሹ ቀርቶ ነበር። እምቢ አልኩ።

«እኛ አንበላውም፤ ለማን ልተወው? ይዘሽው ሂጂ። ድስቱን ግን ራስሽ መልሺው፤ ልጅ እንዳትልኪብኝ» አለችኝ።

የቀረውን ማታ በላሁት። አሁን ድስቱን አጥቤ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬዋለሁ። እናቴ የሰው ዕቃ ባዶውን ሲመለስ አትወድም። ምስር አለኝ፤ ሽንኩርት የለኝም። ነገ ከትምህርት ቤት ስወጣ እገዛለሁ። ለእነሱ እንዲስማማ በዘይት ብቻ ነው የምሠራው፣ ዳጣ ይወዱ እንደሆነ ደግሞ ሳቢሪንን እጠይቃታለሁ።